ጉርድ ፎቶ ላይ ያጠፋሁት ቢጫ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ከከፈትኳት አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። እንጀራዬ ፊት ማየት ነው። ለፓስፖርት፣ ለመታወቂያ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ባጅ፣ ለምርቃት፣ ለልቅሶ። ለልቅሶ ያልኩት ቀልዴን አይደለም። ሰው ሲሞት ዘመድ አንዲት የቆየች ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣና "አሳድግልን" ይላል።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ለፓስፖርት ሊነሳ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። አነሳሁት። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ዓይኑ ቢጫ ነው። "ይሄ አምፖል ዛሬም ጉድ ሠራኝ" አልኩ። የዓይኑን ነጭ መረጥኩ፣ ቢጫውን ቀነስኩ፣ ትንሽ ብርሃን ጨመርኩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ዓይኑ ወተት መሰለ። ስምንቱን ቆርጬ በፖስታ ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ማታ እራት ላይ ስለ አምፖሉ ሳማርር ባለቤቴ አቋረጠችኝ። ነርስ ናት።

"ሸሚዙስ?" አለችኝ።

"የምን ሸሚዝ?"

"ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር አላልክም? አምፖሉ ከሆነ ሸሚዙም ቢጫ መሆን አለበት።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። በማግሥቱ በጠዋት ያልተነካውን ፋይል ከፈትኩ። ሸሚዙ ነጭ። ከኋላው ያለው ሸራ ነጭ። ቢጫው ዓይኑ ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቀለም ሳርም ኖሬ፣ ከሸሚዝ ጋር ማስተያየት አልመጣልኝም።

ደወልኩለት። ሰውነቱን ካሳከከው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሽንቱ ሻይ መስሏል። እሱ ግን "ሙቀት ነው፣ ውሃ አልጠጣ ብዬ ነው" ብሎ ትቶታል። ሲመረመር የሐሞት ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ ተገኘ። ታከመ፣ ዳነ፣ ዛሬም ደንበኛዬ ነው። ልብ በሉ፣ ቢጫ ዓይን ሲባል ሰው ቶሎ ጉበት ያስባል፤ የእሱ ግን ጉበቱ ራሱ አልነበረም የታመመው፤ ከጉበት የሚወጣው መንገድ ነው የተዘጋው። ዓይን "አንድ ነገር አለ" ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን እየጠየቅሁ ተማርኩ። ሰውም "ፊቴ እንዲህ ሆነ፣ ጉበት ይሆን?" እያለ ይጠይቀኛል። ሐኪም አይደለሁም። ፊት እንዴት እንደሚታይ ግን አውቃለሁ፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክሉ። የቤት አምፖል ቢጫ ከሆነ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል፣ የታመመውን ደግሞ ይደብቃል። ሁሉም ነገር ቢጫ ሲሆን ዓይን ለየት ብሎ አይታይማ። ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። በር ላይ ወይም መስኮት አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ ዙሩ። ፀሐዩ ላይ አትቁሙ፤ ዓይን ይጨፈናል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ወይም ባለ ቀለም መጋረጃ አጠገብም አይሆንም፤ ቀለሙን ፊት ላይ ይረጨዋል። የሐዋሳ ቆርቆሮ አጥር ስንቱን ደንበኛዬን ሰማያዊ እንዳደረገብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ያዙ። የደብተር ወረቀት ይበቃል፣ የታጠበ ነጠላም ይሆናል። ጉንጭ ላይ አስጠግታችሁ ዓይንና ወረቀቱን አንድ ላይ እዩ። ሸሚዙ ለእኔ ይሠራልኝ የነበረው ሥራ ይሄ ነው፣ ባየው ኖሮ።

ከዚያ ዓይኑን ክፈቱ። የሚታየው ሰው ወደ ታች ይመልከት፤ እናንተ በአውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ቆቡ ሥር ያለው ነጭ ፀሐይና አቧራ ስለማያገኘው እውነተኛ ቀለሙን ያሳያል። ቀጥሎ ወደ ላይ ይመልከት፣ የታችኛውን ሳቡ። ሁለቱንም ዓይን። እጃችሁን መታጠብ እንዳትረሱ። ከዚያ ምላሱን ወደ ላይ አንስቶ የምላሱን ሥር ያሳያችሁ፤ እዚያም ቢጫው ይወጣል። የፊት ቆዳ ላይ ግን ብዙ አትድከሙ። የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ ቢጫውን አያወጣውም።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ በኋላኛው ካሜራ አንሱ። የፊተኛው ብዙ ጊዜ ሳትጠይቁት ያሳምራል፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ዓይን ያነጣል። እኔ በገንዘብ የምሠራውን እሱ በነፃ ይሠራዋል። ፍላሽ አጥፉ። ነጩ ወረቀት ፎቶው ውስጥ ይግባ። ወረቀቱ ቢጫ ከወጣ ጥፋቱ የብርሃኑ ነው፣ ድገሙት። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ዓይን ቢጫ ከሆነ ስልኩን አስቀምጡና ጤና ተቋም ሂዱ።

ለምን ዓይን ቢጫ ይሆናል? ባለቤቴ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅና ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይሄን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ሰገራ ቡናማ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉበት ሲደክም ወይም መንገዱ ሲዘጋ ቢጫው ደም ውስጥ ይቀራል፣ በሽንትም መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ዓይን ብቻ አትዩ። ሽንት የጠቆረ ሻይ መስሏል? ሰገራ ነጥቷል፣ አመድማ ሆኗል? ያለ ሽፍታ ያሳክካል? ከእነዚህ አንዱ ከቢጫ ዓይን ጋር ከመጣ ነገ አትበሉ።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ጤነኛ ሰው ላይ ቢሊሩቢን ብዙውን ጊዜ ከ1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር አይበልጥም። ዓይን ላይ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሲደርስ ነው። ዓይን አይቶ ቢጫ ያለ ሰው፣ ነገሩ እጥፍ ከሆነ በኋላ ነው የደረሰበት።

ቢጫ የሚመስል ሁሉ ደግሞ ቢጫ አይደለም። የእኛ ሰው ዓይን ብዙ ጊዜ ነጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ደመና አለው፤ የተፈጥሮ ቀለም ነው። ፀሐይና አቧራ ላይ የሚውል ሰው፣ ባጃጅ ነጂም ሐይቅ ላይ የሚውል ዓሣ አጥማጅም፣ ከጥቁሩ የዓይን ክፍል ጎን ቢጫ የምትመስል ትንሽ እብጠት ልታወጣበት ትችላለች። እሷም ጉበት አይደለችም። የጉበት ቢጫ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ነጩን በሙሉ እኩል ይቀባዋል፣ ሁለቱንም ዓይን። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ መዳፏ ቢጫ ሆኖባት ደንግጣ መጣች። ዓይኗን በር ላይ አየሁት፣ ነጭ ነው። "ምን ትጠጫለሽ?" ስላት "ለቆዳዬ ብዬ በየቀኑ የካሮት ጁስ" አለችኝ። ካሮት፣ ፓፓያና ዱባ ሲበዛ መዳፍና አፍንጫ አካባቢ ቢጫ ያደርጋል፤ የዓይንን ነጭ ግን አይነካም። ጁሱን ቀነሰች፣ ለቀቃት።

በእውነት ቢጫ ሆኖ ጉበት ያልሆነም አለ። ወባ ቀይ የደም ሴልን ስለሚያፈርስ ዓይን ያቢጫል። ሐዋሳ ወባ ያውቃታል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ካለ የወባ ምርመራ መጀመሪያ ይሠራ። በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሲውሉ ዓይናቸው ለስለስ ያለ ቢጫ የሚያወጣ፣ ሲበሉ የሚመለስላቸው ሰዎች አሉ። በተፈጥሮ ቢሊሩቢን የማስወገድ አቅማቸው ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉዳት የለውም። ግን ይህን የሚወስነው የደም ምርመራ ነው እንጂ "የጾም ነው" ብሎ ራስን ማጽናናት አይደለም።

"የወፍ በሽታ" የምንለውም ይሄው የዓይን መቢጫጨት ነው። የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው የሚሉ አሉ። የወፍ በሽታ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፣ የምልክት ስም ነው። ውስጡ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት የጎዳው ጉበት ሊሆን ይችላል። ጸበሉን የሚጠጣ ይጠጣ፣ የደም ምርመራውንም ያድርግ። የማልስማማው ቅጠል ቀጥቅጦ ከሚያጠጣው ጋር ነው። የታመመ ጉበት ላይ መጠኑ የማይታወቅ ነገር መጨመር ምን ይባላል?

አሁን ወደ ማዲያት። በዚህ ብዙ ሰው ስለሚቸገር ረዘም አደርገዋለሁ።

ጉንጭ፣ ግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚወጣውን ጥቁር ቡናማ ንጣፍ አይቶ "ጉበትሽ ነው" የማይል ጎረቤት የለም። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ማዲያት ወጣባት። ሰፈር ውስጥ "ጉበት ያጸዳል" ተብሎ የሚሸጥ መራራ ነገር በጀሪካን ገዝታ አንድ ወር ጠጣች። አስመለሳት፣ ከሳች፣ ማዲያቱ እንዳለ ቀረ። እህቷ ስትሰማ ጀሪካኑን መጸዳጃ ቤት ነው የደፋችው። የጉበት ምርመራዋ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ያ መራራ ነገር ስላልጎዳት እግዚአብሔር ይመስገን።

ማዲያት የሚመጣው ከፀሐይና ከሆርሞን ነው። እርግዝና ያመጣዋል፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና መርፌ ሊያመጣው ይችላል፣ በቤተሰብም ይወርዳል። ጉበት ታሟል ማለት አይደለም። ዋናው መድኃኒቱ ጥላ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ትዕግሥት። እኔ ከምንም በላይ የምፈራው ማቅያ ክሬሙን ነው። ስም በሌለው ቆርቆሮ የሚሸጠው ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። በካሜራዬ አቅርቤ ሳየው አውቀዋለሁ፤ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ ሥሮች ይወጣሉ፣ ጉንጩ ሁልጊዜ የተመታ ይመስላል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ጉበት አለብኝ ብሎ ፈርቶ ኩላሊቱን የሚጎዳ ሰው አይቻለሁ ብል አልዋሸሁም።

ቡጉርም፣ ከዓይን ሥር የሚጠቁረውም፣ ጠዋት ያበጠ ፊትም በብዛት ጉበት አይደሉም። እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ጨው ነው፣ አለርጂ ነው፣ ዘር ነው። ፊት በየጠዋቱ የሚያብጥ ከሆነ ደግሞ ከጉበት በፊት ኩላሊት ይታይ።

ፊት ላይ በዝግታ የሚመጣ የጉበት ምልክት ግን አለ፣ የሚታየውም ፎቶ ሲደረደር ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የአንድ ሰው አምስትና ስድስት ጉርድ ፎቶ በየዓመቱ ተቀምጧል። አንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬን በሦስት ዓመት ልዩነት ጎን ለጎን አየሁት። ከዓይኑ ጥግ እስከ ጆሮው ያለው ቦታ ጎድጉዷል፣ ጣት የሚያስገባ ይመስላል። የጉንጩ አጥንት ወጥቷል። ፊቱም ጠቆር ብሏል። ሆዱ ግን ትልቅ ነበርና "ወፈርክ" እንለው ነበር። ስብ አልነበረም፣ ውሃ ነው። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ቆይቷል። እጅና ፊት እየከሳ ሆድ የሚገፋ ሰው ካያችሁ "ተመቸህ" አትበሉት።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። መሀሏ ቀይ ነጥብ ሆና እንደ ሸረሪት እግር ቀጫጭን ሥሮች የምትዘረጋ ምልክት ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ ትወጣለች። መሀሏን ሲጫኗት ትጠፋለች፣ ሲለቋት ከመሀል ጀምራ ትሞላለች። አንዷ ወይም ሁለቷ ጤነኛም ላይ፣ በተለይ እርጉዝ ላይ አለች፤ ሲበዙ ግን ይመርመሩ። ብዙ በሚጠጣ ሰው ላይ ጉንጩ ከጆሮው በታች በሁለቱም በኩል ያለ ሕመም ያብጣል፣ ጆሮ ደግፍ የያዘው ይመስላል። የዓይን ቆብ ላይ የሚወጣ ቢጫ ቅባት መሳይ ንጣፍ በብዛት የኮሌስትሮል ነገር ነው፣ አንዳንዴ ግን ከሐሞት ቱቦ በሽታ ጋር ይመጣል።

እናንተም በቤታችሁ እንደ እኔ ፎቶ አንስታችሁ መደርደር ትችላላችሁ። በወር አንዴ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ ሳይስቁ፣ ፀጉር ወደ ኋላ ተይዞ። መስታወት በየቀኑ ስለሚያሳያችሁ ለውጡን ይሰርቃችኋል።

አሁን ስለ ራሴ ፊት።

ከሁለት ዓመት በፊት ዘመዳችን ቀዶ ጥገና ሲኖርበት ደም ልሰጥ ሄድኩ። ከቀናት በኋላ ተጠራሁ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ። ቤት ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ወረቀት ያዝኩ፣ ቆቤን ሳብኩ። ነጭ። የድሮ ፎቶዎቼን ደረደርኩ። ምንም። ትንሽ ወፍሬያለሁ፣ እሱም ከአሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ የተጠበሰ ዓሣ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ዓይን ሳይ እኔው ቫይረሱን ይዤ ነው ፊቴን የምላጨው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰው ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖር ነበር። አብዛኛው አያውቀውም፣ ፊቱም አይነግረውም። የጉበት ስብም እንዲሁ ዝምተኛ ነው። እኛ አገር ሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛነት ማግኘት የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች በሕፃንነት አላገኘነውም። ስለዚህ "ፊቴ ጥሩ ነው፣ ጉበቴ ደህና ነው" የሚባል ነገር የለም። ቢጫ ዓይን ካላችሁ ሂዱ፤ ቢጫ ዓይን ባይኖራችሁም አንዴ ተመርመሩ።

ስትሄዱ የምትጠይቁት ቀላል ነው። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ፣ የጉበት ሥራ ምርመራ (ላብራቶሪዎቹ ኤልኤፍቲ ይሉታል)፣ ሐኪሙ ካዘዘ አልትራሳውንድ። የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ፤ ፓራሲታሞሉን፣ የሀበሻ መድኃኒቱን፣ አረቄውን፣ ጫቱን። ጫት ከጉበት ጉዳት ጋር ይያያዛልና "ሐኪሙ ይታዘበኛል" ብላችሁ አትደብቁ። እኔ በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ተመርምረው ነፃ ናቸው፤ ያልተከተበችው ባለቤቴ ሦስቱን ዙር በስድስት ወር ጨረሰች። ነርስ ሆና እስከዚያ ድረስ አለመከተቧን ባነሳሁ ቁጥር ቡናውን ቀድማ ትቀዳልኛለች፣ ወሬ ለማስቀየር። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ከአንድ ትሪ መብላት፣ ጉርሻ፣ መጨባበጥ አያስተላልፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ።

ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬደው ይሄ ነው፦ ቢጫ ዓይን ከትኩሳትና ከብርቱ የሆድ ሕመም ጋር፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ መዘባረቅ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊቱን ሳይተኙ ማንጋት፣ ወይም ቢጫ የሆነችው ነፍሰ ጡር ከሆነች። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃንም ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የቀረው ለሰው እንዴት እንደሚነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። "ዓይንህ ቢጫ ነው" ብሎ ሰው መሀል መናገር ነውር ነው፣ ሰውየውም እልኸኛ ይሆናል። እኔ ሌላውን ደንበኛ አስወጣለሁ። በር ላይ አወጣዋለሁ፣ "ብርሃን ልፈትሽ" እላለሁ። ከዚያ ራሱ ስክሪኑ ላይ እንዲያይ አደርጋለሁ።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግሥት፣ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ነጠላቸው እንደ በረዶ ነው። አነሳኋቸውና ፎቶውን አሳደግኩት።

"እማማ፣ ነጠላዎንና ዓይንዎን እስቲ አብረው ይዩልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወጡ፣ ስክሪኑ ላይ ተጠጉ፣ ቆዩ።

"ነጠላው በደንብ ታጥቧል" አሉ።

ልጅቷ ግን ገብቷት ክንዳቸውን ያዘች። ሽንታቸው እንዴት እንደሆነ በጆሯቸው እንድትጠይቅልኝ አደረግኩ። እንደፈራሁት ሆነ። የዚያኑ ቀን እንዲሄዱ ተስማሙ።

ሊወጡ ሲሉ እማማ ከበሩ ተመለሱ። "ልጄ፣ ፎቶውን ግን ዓይኑን አጽዳልኝ። አሜሪካ ላለው ልጄ ነው የምልከው፣ አይቶ እንዳይደነግጥ።"

ሁለት ፋይል አወጣሁ። አንዱን አጸዳሁት። ሌላውን እንዳለ፣ ከነነጠላው፣ ለሐኪሙ እንድታሳየው ለልጅቷ በቴሌግራም ላክሁላት።